የጨርቁ ዋጋ

ኦዲል መጣች በኅዳር፣ ዝናቡ ከትከሻዋ ሳይደርቅ፣
በፎጣ የጠቀለለችው ነገር ብብቷ ሥር ሲሞቅ።
«የአያቴ ነው» አለች፤ «መሳቢያ ውስጥ የኖረ፣
ቀለሙ የተገፈፈ፣ ጎኑ የተቦረቦረ።
ጨረታ ላወጣው ነው፣ ለትንሣኤ ሰሞን፤
እባክህ አሳምርልኝ፣ ልክ እንደ አዲስ እንዲሆን።»

ሄርስታል የተሠራ፣ የመቶ ዓመት ሽጉጥ፣
ካዝናው ባዶ፣ ከፎጣው ብቅ አለ እንደ አይጥ።
በግራ ጎኑ በኩል፣ ከአፈሙዙ ዝቅ ብሎ፣
ጥቁሩ ቀለም ጠፍቶ፣ ብረቱ ብር መስሎ፣
አንዲት ጣት የምታህል ቦታ ታበራለች።
አያቷ ቱሴን ግራኝ ነበር፣ የሜዝ ወንዝ የጀልባ ሰው፤
ሌሊት የከሰል ጭነት ሲጠብቅ፣ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠው፣
አውራ ጣቱ እዚያች ቦታ ላይ እያረፈች፣
አርባ ዓመት ሙሉ ብረቱን ላሰች።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያን ቀን አልጠየቅኩም።
እርጅናን ሳይ እድፍ የሚመስለኝ ሰው ነበርኩ፤ ጠባሳ አልወድም።
ዋጋ ተነጋገርን፣ ተስማማሁ፤
በአሸዋ ወረቀት፣ በዘይት፣ በጨርቅ፣ ሦስት ቀን አሸሁ።
ከዚያ ከሚፈላው ጨው ውስጥ ነከርኩት፤
ሲወጣ የቁራ ክንፍ መስሎ አገኘሁት።
«ፊቴ ይታየኛል!» አለች ኦዲል።
እኔም ፊቴን አየሁበት። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ፤
ሠራተኛ በሥራው ውስጥ ራሱን ሲያይ ይስቅ የለ፣ አንዳች ሳይጠይቅ?

ገማቹ ሙሴ ሰርቬ አጉሊ መነጽሩን አወጣ፤
ሽጉጡን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ፊቱ ላይ ጥላ መጣ።
«ማዕዘኖቹ» አለ፣ «እንደ ሳሙና ሟሙተዋል።
የመርማሪው ማኅተም እዚህ ነበር፤ ግማሹ ታጥቧል።
ማን ነው እንዲህ ያደረገው?»
ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ጫማዬን አየሁ።

«እንደነበረ ቢመጣ ኖሮ፣ ሁለት ሺህ አራት መቶ፤
አሁን ሰባት መቶ፣ እሱም ደግ ገዢ ተገኝቶ።»

ስትኳል ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤
እሷስ ዓይኑም ኩሉም የራሷ ነበር፤
እኔ የኳልኩት የሰው ዓይን ነው፣
ለዚያውም በክፍያ፣ በደረሰኝ ቁጥር።

ደረጃው ላይ ቆመን፣ «መመለስ ይቻላል?» አለችኝ።
ይቻላል። ይህን ነው የዋጥኩት።
ከሱቄ ማዶ አንድ ሰው አለ፣ ብረት በሳምንት የሚያስረጅ፤
ሽበት ይሸጣል፣ ዝገት ይዘራል፤ የተካነ እጅ።
ግን የማንን አውራ ጣት ይስላል? ቱሴንን የት አውቆት?
በኔ ጥፋት ላይ የሱን ውሸት ደርቤ፣ ገዢውን ላሳስት?
«አይቻልም» አልኳት።

የከፈለችኝን መቶ ሰማንያ ዩሮ ዘረጋሁ።
አልወሰደችም። «ሥራህን ሠርተሃል» አለች፤
ፎጣዋን አጣጥፋ ትራም ተሳፈረች።
ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

አሁን አሮጌ ነገር ይዞ ለመጣ ወንበር እስባለሁ፤
«ማን ነበር የያዘው? በየትኛው እጁ?» እላለሁ።
በዘይት ጠብታ ብቻ አብሼ የምመልሰው በዝቷል፤
ገቢዬ ግን ቀንሷል።
ልጄ ኮሌት፣ «ጊስሌን» ትለኛለች ስትናደድ፣ አባዬ ማለቱን ትታ፣
«ወሬ የቤት ኪራይ ይከፍላል?» ዝም እላለሁ፤ እሷ ናት የምትረታ።

ከሞረዶቹ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ አንድ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣
በዘይትና በብረት ብናኝ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ደርቋል።
ተለማማጁ ሱቁን በጠረገ ቁጥር፣
«ይህስ? ይጣል?» ይለኛል።
ተወው እለዋለሁ።
አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዩሮ ነው ዋጋው፤
አንድ ግራኝ ጀልባ ጠባቂ
አውራ ጣቱን እዚያ ነው የተወው።